ቤኒዶርም ከእናትና ከልጆች ጋር? ሂጂ፤ ማደሪያሽን ግን ፖኒየንቴ በኩል ያዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሽቱትጋርት እንደምትኖሪ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትሽንና የ6 እና የ10 ዓመት ልጆችሽን ይዘሽ ከኦገስት 8 ጀምሮ ለአንድ ሳምንት ባሕር ዳር መሄድ እንደምትፈልጊ፣ ገንዘቡ ግን ውስን እንደሆነ ጽፈሻል። አንዷ ስፔን ያለችው ቤኒዶርም ርካሽና ደማቅ ናት ስትልሽ ሌላዋ «የሰካራም ከተማ ናት፣ ልጅ ይዘሽ እንዳትገቢ» ብላሻለች። እኔ ሙኒክ ነው የምኖረው፤ ቤኒዶርም ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ሁለቱን ከእናቴ ጋር። ሁለቱም የነገሩሽ እውነት ነው። የትኛዋን ቤኒዶርም እንደምታዪ የሚወስነው የምታድሪበት ሰፈር ነው።

የመጀመሪያው ጊዜ ዋጋውን ብቻ አይቼ፣ ሪንኮን ዴ ሎይክስ በሚባለው፣ እንግሊዞቹ በሚዝናኑበት የመጠጥ ቤት ሰፈር ሆቴል ያዝኩ። ሙዚቃው ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም። ትንሹ ልጄ ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ እያለቀሰ ነው ያነጋው። ማንም ክፉ አልተናገረንም፣ ማንም አልነካንም፤ ግን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ይዞ ፀሐይ ላይ መዋል ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። በሁለተኛው ዓመት ፖኒየንቴ በሚባለው የባሕር ዳርቻ በኩል አደርን፤ ሌላ አገር የመጣን ነው የመሰለን።

ከተማዋን እንዲህ አድርገሽ አስቢያት። መሐል ላይ ወደ ባሕሩ በወጣ ቋጥኝ ላይ አሮጌው ሰፈር አለ። ከሱ በስተምሥራቅ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሌቫንቴ የሚባለው የባሕር ዳርቻ፣ በስተምዕራብ ደግሞ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው ፖኒየንቴ ተዘርግተዋል። ስማቸውም ፀሐይ መውጫና ፀሐይ መግቢያ እንደማለት ነው። ድምቀቱ ያለው ሌቫንቴ ነው፦ አሸዋ ላይ ቤተ መንግሥት የሚሠሩ ሰዎች፣ ኳስ፣ ሙዚቃ፣ የራሳቸውን ወንበር ይዘው መጥተው ውሃው ዳር ክብ ሠርተው የሚያወሩ የስፔን አያቶች። ሴራ ጄላዳ የተባለው ተራራ ነፋሱን ስለሚከልል ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው፣ ጥልቀቱም ቀስ እያለ ነው የሚጨምረው። ቀን እዚያ ዋሉ፤ ማታ በአሮጌው ሰፈር በኩል በእግር ወደ ፖኒየንቴ ተመልሳችሁ በሰላም ተኙ። መንገድ ላይ ያለው፣ ነጭ መደገፊያ ያለው የባሕሩ ሰገነት ምሽት ላይ ደስ ይላል፤ ልጆቹ አይስክሬም ይልሳሉ፣ እናትሽም ነፋስ ይቀበላሉ።

ርካሽ የሆነችው በአጋጣሚ አይደለም። በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። ፔድሮ ሳራጎሳ የተባለው ከንቲባዋ በ1956 በወጣው የከተማ ፕላን ግንባታው ወደ ላይ እንዲያድግ አደረገ። (ቢኪኒ ለማስፈቀድ በቬስፓ ሞተር ሳይክል ማድሪድ ድረስ ነድቶ የያኔው አምባገነን መሪ ፍራንኮ ፊት ቀርቧል ተብሎ የሚነገርለት እሱ ነው።) ዛሬ 186 ሜትር እንደሚረዝመው እንደ ግራን ሆቴል ባሊ ያሉ ረጃጅም ሆቴሎች አሉ። ፎቶው ላይ ሲታዩ ያስጠላሉ፣ እኔም መጀመሪያ አስጠልተውኝ ነበር። ነገር ግን በትንሽ መሬት ላይ እጅግ ብዙ አልጋ ስላለ ሆቴሎቹ በዋጋ ይሻማሉ፣ አብዛኛው እንግዳም መኪና ሳይከራይ በእግሩ ባሕር ይደርሳል። በብርዱ ወራት ደግሞ ከተማዋን የሚሞሏት መንግሥት በድጎማ የሚልካቸው የስፔን ጡረተኞች ናቸው። ስለዚህ አሳንሰሩም፣ መቀመጫውም፣ የምግቡ ዋጋም ሽማግሌን የሚያስብ ነው።

የእናትሽ ጉልበት አያስፈራሽ። በሁለቱም ዳርቻዎች ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጀ ቦታ አለ፤ የእንጨት መንገድ እስከ ውሃው ይወስዳል፣ ውሃ ውስጥ የሚገባ ባለ ጎማ ወንበር አለ፣ የሚያግዙ ሠራተኞችም አሉ። እናቴ መጀመሪያ «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ!» ብላ ተቆጥታ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ነጠላዋን ለእኔ አስይዛ፣ በቀሚሷ እንዳለች ተቀምጣ ገባች። አለባበስ የሚያይ ሰው እንደሌለ ንገሪልኝ።

ባሕር ዳሩ በስፔን ሕግ የሕዝብ ስለሆነ መግቢያ አይከፈልም። ገንዘብ የሚበላው የኪራዩ አልጋና ጥላ ነው፤ ለአራት ሰው ለሳምንት ስትደምሪው ያስደነግጣል። ቻይናዎቹ ሱቅ ጃንጥላና ምንጣፍ ገዝታችሁ በጠዋት ውረዱ። ግን ቦታ ለመያዝ ብላችሁ ዕቃ ተክላችሁ አትሂዱ፣ ይነሣል። ሌሊት መዋኘትም ክልክል ነው፣ ያስቀጣል። ባንዲራውን ለልጆቹ አስተምሪያቸው፦ አረንጓዴ ግቡ፣ ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ አትግቡ። የፀሐይ ክሬም ደግሞ «እኛ ጥቁር ነን፣ አያቃጥለንም» ብለሽ እንዳትተዪ፤ የልጄ ትከሻ ተልጦ አይቻለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ሌቫንቴ የእግረኛ መንገድ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው ኳሷ የቱ ጋ እንደተደበቀች የሚያስገምቱ ሰዎች አሉ። መርካቶ «ቀዩን ያየ» የምንለው ነው፤ ዙሪያውን ከበው እያሸነፉ የሚጨፍሩት የራሳቸው ሰዎች ናቸው። የ10 ዓመቱ ልጅሽ ቆሞ ማየት ይፈልጋል፤ እጁን ይዘሽ እለፊ።

እናትሽ ፍልሰታን እንደሚጾሙ ስለጻፍሽ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የእኔንም እናት ያስጨነቃት ይኸው ነበር። ከኦገስት 7 ጀምሮ ስለሆነ ሳምንታችሁ በሙሉ ጾም ላይ ይውላል። ደስ የሚለው ነገር፣ ስፔኖች ምሳ የሚበሉት ከ13:30 እስከ 16:00 ባለው ጊዜ ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጹማ፣ ልክ በ15:00 ትኩስ ምሳ ከሰው እኩል ትቀርብ ነበር። ጀርመን አገር ይህን አግኝታው አታውቅም። «ሜኑ ዴል ዲያ» የሚባለውን ጠይቁ፤ ሁለት ሳህን ምግብ፣ ዳቦና መጠጥ ያለበት ነው፣ እኛ ከ12 እስከ 16 ዩሮ ከፍለናል። ለጾም ፒስቶ የተባለው የአትክልት ወጥ፣ በዘይት የተጠበሰ በርበሬና ደበርጃን፣ ጋስፓቾ፣ ቲማቲም የተቀባ ዳቦ ይሆናል። ግን «ሲን ካርኔ» ያለ ሥጋ ማለት ብቻ ነው፤ እናቴ እንዲህ ብለን ያዘዝንላት ሰላጣ ቱናና እንቁላል ተከምሮበት መጣ። «ሲን አቱን፣ ሲን ዌቮ» በሉ። ምስርና ሽምብራም ቢሆን ቋሊማ ስለሚገባበት ሳትጠይቁ አትዘዙ። ኦርቻታ የሚሉት ቀዝቃዛ መጠጥ ወተት ይመስላል እንጂ ከመሬት ከሚወጣ ትንሽ ፍሬ የሚሠራ ነው፤ እናቴ በቀን ሁለቴ ትጠጣው ነበር። ቹሮም ዱቄት፣ ውሃና ጨው ነው፣ በዘይት ይጠበሳል።

መንገዱ ቀላል ነው። አሊካንቴ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርዱ ቀጥታ ቤኒዶርም የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ከ1 ሰዓት በታች ነው። አንድ ቀን ባቡሩን ይዛችሁ ቪያሆዮሳ የምትባለው ጎረቤት ከተማ ሂዱ፤ ባሕር ዳር የተደረደሩ ባለ ቀለም ቤቶችና የቸኮሌት ፋብሪካ አሉ፣ ልጆቹ አይረሱትም። የእናትሽ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ከሆነ ከጀርመን የመኖሪያ ፈቃዳቸው ጋር ይያዙት። አንዳንድ ርካሽ አየር መንገዶች የአውሮፓ ፓስፖርት የሌለውን ሰው በረራው በር ከመድረሱ በፊት ሰነዱን መቀበያው ጋ አሳይቶ ምልክት እንዲያስደርግ ይፈልጋሉ። እኛ ይህን ሳናውቅ በር ላይ ደርሰን እናቴን ተመለሺ አሏት፤ ሮጠን ነው የተረፍነው።

የፈቃድሽን ቀን መቀየር ከቻልሽ ግን ወደ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ግፊው። ኦገስት 15 የስፔን በዓል ስለሆነ አሸዋው ላይ እግር መጣያ አይገኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስፔኖቹ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ዋጋው ይወርዳል፣ ባሕሩ ገና ሙቅ ነው፣ የእናንተም ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ አልተከፈተም። ፍልሰታም ተፈትቶ እናትሽ ዓሣውን ይበሉልሻል። እኛ የመጨረሻውን ጊዜ እንዲያ አድርገን ጳጉሜ 3 እዚያ ዋልን። እናቴ በጠዋት ቀሰቀሰችንና «ሩፋኤል ነው፣ ልጆቹን ውሃ አስነኳቸው» አለች። ዝናብ አልነበረም፤ ሁላችንም ሌቫንቴ ወርደን ማንም ሳይመጣ ባሕሩ ውስጥ ተነከርን።