ዕቅዴ ከመስቀል አያልፍም

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ደብተር ገዝቼ ዕቅድ እጽፋለሁ። የዘንድሮው እንግሊዝኛ ማሻሻል፣ በጠዋት መነሳት፣ ስፖርት መሥራትና መጽሐፍ ማንበብ ነበር። የደመራው አመድ ሳይበርድ ሁሉም ቀረ። ሦስት ዓመት ሳላቋርጥ የያዝኩት በሳምንት 500 ብር የምጥለውን ዕቁብ ብቻ ነው። ዓላማ የሌለኝ ሰው እሆን?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ዕቁቡን እንደ ዋዛ ጣል አደረጉት እንጂ ቁም ነገሩ እዚያ ላይ ነው። መጠኑና ቀኑ የታወቀ ነው፤ ዳኛው ይጠብቃል፤ ቢቀሩ ዕጣ የወጣለት ሰው ይጎዳል። «እንግሊዝኛ ማሻሻል» ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም።

ከአራቱ ሦስቱን ይሰርዙ። የሚቀረውን ለመምረጥ «ይህ ቢሳካ ለማን ምን ይጠቅማል?» ብለው ይጠይቁ። «ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ትምህርቷን በእንግሊዝኛ ስለምትጀምር አብሬያት ማንበብ እፈልጋለሁ» የሚል መልስ ከመጣ ዓላማዎ እሱ ነው። «ሰው ሁሉ ስለሚያደርገው» ከሆነ ይለፍ። (በጠዋት መነሳት ለብቻው ዕቅድ አይሆንም፤ ተነስተው ምን ሊሠሩ?)

ቀጥሎ ዕቅዱን በየቀኑ ከማይቀር ሥራ ጋር ያስሩት፦ «የራት ዕቃ አጥቤ እንደጨረስኩ ከልጄ ጋር አንድ ገጽ አነባለሁ።» «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን ይህን አካሄድ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልዊትዘር በሰፊው አጥንቶታል። «ማታ 2 ሰዓት» ብለው አይጻፉ። የታክሲ ሰልፍ ያስመሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሰዓቱ ካለፈ ቀኑም አለፈ ይባላል። ዕቃ ማጠቡ ግን ቢመሽም አይቀርም። አንድ ገጽ ያልነውም ደክሞዎት በሚገቡበት ቀን እንዲቻል ነው። በሞቅታ አሥር ገጽ አይጀምሩ።

አሁን ወደ መስቀል እንምጣ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው አንድ ድርጊት ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነው፤ በጣም የፈጠነው 18 ቀን ወስዶበታል፣ ለዘገየው እስከ 254 ቀን ተገምቷል። ከመስከረም 1 ሲቆጠር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። እርስዎ «አልቻልኩም» የሚሉት በ17ኛው ቀን ነው፤ የጥናቱ ፈጣን ሰው እንኳ ገና አልደረሰም ነበር!

ያው ጥናት አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንደማያፈርሰው አሳይቷል። ዕቁብ ላይ ያለፈውን ደርበው ይከፍላሉ፤ እዚህ አይደርቡ። ትናንት ካመለጠ ዛሬም አንድ ገጽ ነው። የተጠራቀመ ገጽ ዕዳ ይሆንና ደብተሩን ማየት ያስጠላል።

ዳኛዋ ልጅዎ ትሁን። ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ያነበባችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ታክብበው፤ እስክሪብቶው እሷ ዘንድ ይቀመጥ። ሌላ እንቁጣጣሽ መጠበቅ አያስፈልግም፣ ዛሬ ማታም ዕቃ ይታጠባል። ሁለተኛ ዕቅድ የሚጨምሩት ማንም ሳያስታውስዎ እጅዎን አድርቀው መጽሐፉን ማንሳት ሲጀምሩ ነው።