አባት ለመሆን ለምትዘጋጁ ወጣት ሠራተኞች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው። የብዙ ወጣት የፈቃድ ወረቀት በእጄ አልፏል። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ አንዱ ብቻ ነው፤ ሚስታችሁ ስትወልድ ስለሚሰጣችሁ የአባትነት ፈቃድ።

መጀመሪያ መብታችሁን እወቁ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከሱ በፊት የነበረው የ1996ቱ አዋጅ ይህን እንኳ አልነበረውም። በ2010 በወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ 10 የሥራ ቀን ተፈቅዶ ነበር።

3 ቀን ያንሳል። በኦፕሬሽን የወለደች እናት በሦስተኛው ቀን ገና ከሆስፒታል ብትወጣ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዳችሁን አትጨርሱት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ይጨምራል። ለሰው ሠርግና ለበዓል ከመበተን ለዚህ አቆዩት። ለአለቃችሁም ወራት ሲቀሩት ንገሩት፤ ሥራችሁን የሚሸፍን ሰው አብራችሁ ፈልጉ። የኅብረት ስምምነት ካላችሁ አንብቡት። ሕጉ የሚወስነው ዝቅተኛውን ነው፣ መሥሪያ ቤቱ መጨመር ይችላል።

ዋናው ጉዳይ ግን ቀኖቹን ምን ታደርጉባቸዋላችሁ የሚለው ነው። ብዙ ወንድ ጠያቂ ሲያስተናግድ፣ ለስላሳ ሲገዛ ፈቃዱ ያልቅበታል። እናቷ መጥታለች፣ ገንፎውም አጥሚቱም አለ፣ እኔ ምን ልሠራ ይላል። ብዙ አለ! ሌሊት ሕፃኑ ሲያለቅስ አንስታችሁ ለእናቱ አቀብሉ። ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ አስገሱት። ዳይፐር ቀይሩ፣ ልብስ እጠቡ። እንግዳ ሲበዛ «ትንሽ ትተኛ» ብሎ በትሕትና መመለስም የእናንተ ነው፤ አራሷን ይሉኝታ ይይዛታል።

ከሁሉም በላይ ዓይናችሁ ከሷ አይነሳ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ለእናትም ለሕፃንም አስጊ ናቸው። ደም ከበዛባት፣ ካተኮሳት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ጊዜ አትስጡ። ሕፃኑ አልጠባም ካለ ወይም ቢጫ ከሆነም ወዲያው ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ደጋግማ የምታለቅስ፣ የሚከፋት ከሆነ ደግሞ «ያልፋል» ብላችሁ አትተዉት፤ ይህም ሕክምና አለው። ቤት ያልዋለ አባት ይህን ሁሉ የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው፣ ያውም ዘግይቶ።

«አንተ ነህ እንዴ የወለድከው?» የሚል አለቃ አይጠፋም። ይህ አነጋገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እናንተ ግን አትሳቀቁ። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ ኮፒውን ያዙ። የምትለምኑት ችሮታ አይደለም።

ከእናንተ መካከል ነገ አለቃ የሚሆን አለ። ያኔ አንድ ወጣት ይህን ወረቀት ይዞ ፊታችሁ ሲቆም «እንኳን ደስ አለህ» በሉትና እዚያው ፈርሙለት። ቤቱ ሳለም «አንዴ ፋይሉ የት ነው?» እያላችሁ አትደውሉበት።