ስዋሂሊ የሚመስል፣ ስዋሂሊ ያልሆነ

ባለፈው ስለ ስዋሂሊ ጽፌ ነበር። ከመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ግን የጠየቁኝ ስለ ጎረቤቱ፣ በኬንያ ባሕር ዳር ስለሚነገረው የሚጂኬንዳ ቋንቋ ነው። ደስ ብሎኛል፤ ስለ እሱ የሚያወራ ሰው ብዙ አይገኝም።

«ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ኬንያዊት ናት፣ ኪሊፊ ከሚባል አገር። እኔና እሷ በስዋሂሊ እንግባባለን። ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ግን ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ ይጠፋብኛል። የተበላሸ ስዋሂሊ ነው?»

እህቴ፣ «የተበላሸ» የሚለውን እንተወው። የምታወራው ጊሪያማ የሚባለው የሚጂኬንዳ ቋንቋ ሳይሆን አይቀርም፤ ኪሊፊ የጊሪያማዎች አገር ነው። ጊሪያማና ስዋሂሊ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ አንዱ ከሌላው አልተበላሸም። እስኪ ጆሮሽን ጣል አድርጊ። ውሃ በስዋሂሊ «ማጂ» ነው፣ በጊሪያማ «ማድዚ»። እሳት በስዋሂሊ «ሞቶ»፣ በጊሪያማ «ሞሆ»። ዛፍ «ምቲ» የነበረው «ሙሂ» ይሆናል። አየሽ፣ በእነዚህ ቃላት የስዋሂሊው «ተ» እነሱ ጋ «ሀ» ነው። ፈጣሪን ደግሞ ስዋሂሊ «ሙንጉ» ሲለው፣ እነሱ «ሙሉንጉ» ይሉታል። እዚህ ላይ የጥንቱን ድምፅ ይዞ የቆየው ጊሪያማ ነው፤ «ሉ»ን የዋጠው ስዋሂሊ ነው። ነገ ውሃ ስትሰጫት «ማድዚ» በያትና ፊቷን እይው።

«ሚጂኬንዳ የሚባሉትስ እነማን ናቸው?»

ዘጠኝ ተዛማጅ ሕዝቦች ናቸው፦ ጊሪያማ፣ ዲጎ፣ ዱሩማ፣ ራባይ፣ ሪቤ፣ ካምቤ፣ ቾኒ፣ ጂባና እና ካውማ። ስሙ «ዘጠኝ መንደር» እንደማለት ነው። «ኬንዳ» የጥንቱ የባንቱ ዘጠኝ ነው (ባንቱ ስዋሂሊም ጊሪያማም ያሉበት የቋንቋ ቤተሰብ ነው)፤ የዛሬ ስዋሂሊ ተናጋሪ ከዓረብኛ በተዋሰው «ቲሳ» ነው የሚቆጥረው። በ2019 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የኬንያ ቆጠራ ወደ 2.5 ሚሊዮን ነበሩ። ድሮ ሌሎች «ንዪካ» ይሏቸው ነበር፣ የዱር ሰዎች ለማለት። እነሱ ስሙን አይወዱትም፣ እባካችሁ እኛም አንጠቀምበት።

«የታሪክ መምህር ነኝ። ሞምባሳ አጠገብ ራባይ ላይ ሚሲዮን ያቋቋመው ክራፍ አንኮበር የነበረው ክራፍ ራሱ ነው?»

አዎ መምህር፣ ራሱ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ቆይቶ በ1842 ከሸዋ ወጣ። መመለስ ሲከለከል፣ ኦሮሞ አገር ከደቡብ በኩል ለመግባት አስቦ በ1844 ሞምባሳ ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚስቱና አራስ ልጁ ሞምባሳ ላይ ሞቱበት። እሱ ግን ሥራውን ቀጠለ። በ1846 ከባልደረባው ከሬብማን ጋር ራባይ ላይ ተቀመጠ። የስዋሂሊን መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፣ የእነዚህን ሰዎች ቋንቋ ቃላትም ሰበሰበ። ከአንኮበር ተራራ ተነስቶ የባሕር ዳር ኮኮናት ሥር የተቀመጠ ሰው። ለተማሪዎችዎ ይንገሯቸው፣ ሁለቱን አገር የሚያገናኝ እውነተኛ ገመድ ነው።

«ጀግና አላቸው?»

አላቸው፣ ሴት ናት። መካቲሊሊ ዋ ሜንዛ ትባላለች። በ1913 እንግሊዞች ግብርና ጉልበት ሲጠይቁ፣ ከመንደር መንደር እየዞረች እየጨፈረች ሰው ሰበሰበች። ጊሪያማዎች ካያ ፉንጎ በሚባለው የተቀደሰ ጫካቸው ለእንግሊዝ ላለመሥራት ማሉ። ተያዘችና ወደ ኬንያ ምዕራብ፣ ኪሲ ተጋዘች። አምልጣ አገሯ ተመለሰች! ይህን ባሰብኩ ቁጥር አገሩን ያቋረጠችበት እግሯ ይታየኛል። በ1914 እንግሊዞች ካያ ፉንጎን በድማሚት አፈነዱት።

«ቋንቋው ይጠፋል?»

ቶሎ አይጠፋም፣ ተናጋሪው ብዙ ነው። የእኔ ስጋት ከተማው ላይ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም፣ ሬዲዮውም በአብዛኛው ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ነው። ልጁ ሰምቶ ይረዳል፣ ሲመልስ ግን በስዋሂሊ ይመልሳል። ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ይህን ታውቁታላችሁ።

«ሞምባሳ ልሄድ ነው። ስዋሂሊ ይበቃኛል?»

ይበቃዎታል። ጊዜ ካገኙ ግን ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ዲያኒ ከተባለው የባሕር ዳር አጠገብ ያለውን ካያ ኪኖንዶ ይዩ። ካያ ማለት አያቶቻቸው የኖሩበት፣ ዛሬ የተቀደሰ ጫካ ነው፤ የሚጂኬንዳ ካያዎች በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። የሚያስገባዎት የዲጎ ሰው መጀመሪያ ጥቁር ጨርቅ ወገብዎ ላይ ያስርልዎታል። ከጫካው ቅጠል እንኳ ይዞ መውጣት ነውር ነው።