ለረዳት አብራሪዋና ለእኩዮቿ

አንዲት የበረራ ተማሪ «የማከብረው ካፒቴን ሲሳሳት እንዴት አድርጌ ላርመው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ ሳለሁ፣ በደጋው አገር ካሉት የሣር ማረፊያዎች በአንዱ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን እንጠብቅ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ሣሩ ረስርሷል። እረኞቹ እንደ ወትሯቸው ከብቶቹን ከሜዳው አውጥተዋል። አውሮፕላኗ ከጋራው ጀርባ ብቅ ስትል ከፍታዋም ፍጥነቷም በዝቷል፤ ነፋሱም ከኋላዋ ነው። አሁን ማረፉን ትታ መልሳ ወደ ላይ ትነሳለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተነሳችም። ጎማዋ መሬት የነካው የሜዳውን እኩሌታ ካለፈች በኋላ ነው። ፍሬን ሲያዝ ጎማው ቆመ፤ አውሮፕላኗ ግን በእርጥቡ ሣር ላይ እየተንሸራተተች ዳር ካለው ቦይ ገባች። የፊት እግሯ ተሰበረ፣ ፕሮፔለሯ ተጣመመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም።

ሁላችንም «እንኳን ተረፉ» እያልን ካፒቴኑን ከበብናቸው። ረዳታቸው ክንፉ ሥር ለብቻው ቆሞ ነበር። ማታ ሻይ ስንጠጣ «ፍጥነቱን አይቼዋለሁ። ግን አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው፣ ምን ልበል?» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ በረራን ተወ። የሞተር ድምፅ ሰምቶ ሕመሙን የሚለይ ጎበዝ ልጅ ነበር። አውሮፕላኗንስ ጠገንናት፤ የሚቆጨኝ እርሱ ነው።

ፍጥነት 10 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚታገለው ጉልበት 21 በመቶ ያድጋል። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ መለኪያው ከሚያሳየው ይልቅ እውነተኛው ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ ይበልጣል። አጭር ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ተደምሮ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፤ ይሉኝታ የሚያስተናግድ ጊዜ የለም። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔን ደሴት በቴነሪፍ ሁለት አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ባለቁበት አደጋም፣ ለመነሳት ይንደረደር በነበረው አውሮፕላን ውስጥ የበረራ መሐንዲሱ መንደርደሪያው ነፃ መሆኑን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር፤ ካፒቴኑ በእርግጠኝነት ሲመልስለት ዝም አለ።

የዛሬ ወጣቶች ለታላቅ ያላችሁ አክብሮት ሳስቷል ባይ ነኝ፤ ከዚህ አቋሜ አልወርድም። አውሮፕላን ውስጥ ግን ያንን ድፍረታችሁን እፈልገዋለሁ።

ስለዚህ ልጄ፣ መውረድ ከመጀመራችሁ በፊት ጎማው የቱ ጋ ካልነካ ትታችሁት እንደምትነሱ ከካፒቴንሽ ጋር ተስማሚ። ቦታው ሲያልፍ «ካፒቴን፣ አልፈነዋል፤ እንነሳ» ትያለሽ። ያን ጊዜ የምታስታውሻቸው ራሳቸው የተስማሙበትን ነው።