መልስ፦ ትልቅ ሞተር የተገጠመለት የፎርድ ሙስታንግ መኪና ሆት ሮድ ይባላልን?

ጠያቂያችን፣ በእኔ አስተያየት አይባልም፤ ፈጣን መኪና ሁሉ ሆት ሮድ አይደለምና። ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት ተብሎ በባለቤቱ እጅ የተለወጠ አሮጌ መኪና፣ የተወለደው በደቡብ ካሊፎርኒያ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በኋላ ገንዘብ ያልተረፋቸው ወጣቶች ያረጀ ፎርድ በርካሽ ገዝተው፣ ክብደቱን ለመቀነስ ፓራፋንጎውን አውልቀው፣ የአየሩን ግፊት ለማቃለል ጣሪያውን ቆርጠው ዝቅ በማድረግ፣ እንደ ኤል ሚራዥ ባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች ላይ ይሽቀዳደሙበት ነበር። ዋነኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1932 የወጣው ፎርድ ነው፤ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 65 የፈረስ ጉልበት ብቻ ቢኖረውም፣ ተጨማሪ ካርቡሬተርና ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን እመቃ) የሚጨምር ቴስታታ (የሞተር ክዳን) ሲገጠምለት ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል። ብዙ አድናቂዎች እ.ኤ.አ. ከ1949 በፊት የተሠራ መሆኑን እንደ መስፈርት ይወስዳሉ፤ እኔ ግን ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ባለቤቱ በገዛ እጁ የቀነሰውንና የጨመረውን አስቀድሜ እመለከታለሁ። የእርስዎ ሙስታንግ፣ ምንም ቢፈጥን፣ ቦታው ከመስል ካሮች፣ ማለትም ከፋብሪካ ኃይለኛ ሞተር ይዘው ከሚወጡ የአሜሪካ መኪኖች ጋር ነው።