ለቆሮሶ አሳ ጥብስ የሚሆን ነጭ ወይን ጠጅ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጣና ዳር ትንሽ አሳ ቤት ከፍቻለሁ። ደንበኞቼ ነጭ ወይን ጠጅ ይጠይቁኛል። ሴቶች የሚጠምቁትም አለ ሲሉ ሰማሁ። የትኛውን ልያዝ? ከባሕር ዳር

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! እኔም እዚሁ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ ወይን ጠጅ ስቀዳ ነው የኖርኩት። ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል።

ከሴቶቹ ልጀምር። ደቡብ አፍሪካዊቷን ንትሲኪ ቢዬላን በጣም ነው የማከብራት። ያደገችው በክዋዙሉ ናታል ገጠር ነው። በስኮላርሺፕ ስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወይን ጠመቃ ተማረች። አሁን «አስሊና» የሚባል የራሷ ወይን ጠጅ አላት፤ ስሙ የአያቷ ነው። ከነጮቹ ሶቪኞን ብላን እና ሻርዶኔ የሚባሉትን ትሠራለች፤ ስማቸው የተሠሩበት የወይን ፍሬ ዝርያ ነው። አርጀንቲናዊቷ ሱሳና ባልቦ ደግሞ ቶሮንቴስ በሚባል ነጭ ወይን ጠጅ ትታወቃለች። ሽታው አበባ አበባ ይላል። እኛ አገር እናቶቻችን ጠጅ ሲጥሉ ኖረዋል፤ የሴት እጅ ሙያ እንግዳ አይሆንብንም።

ለቆሮሶ ጥብስ ሶቪኞን ብላን ያዢ። ኮምጠጥ ስለሚል ሎሚ እንደጨመቅሽበት ነው፤ ዘይቱ አይከብድም። በርበሬ የበዛበት አሳ ወጥ ከሆነ ግን ትንሽ ጣፈጥ ያለ ይሻላል። የውጪው ከተወደደብሽ የዝዋዩ ሻርዶኔ አለልሽ።

ዋናው ቅዝቃዜው ነው። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አታሰልፊው። ፍሪጅ ከሌለሽ በረዶና ውኃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ንከሪው። በረዶውን ብርጭቆው ውስጥ ግን አትጨምሪ፣ ጣዕሙን ያቀጥነዋል። የተከፈተውን ክዳኑን ገጥመሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪና በሁለት ሦስት ቀን ጨርሺው።