ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ ስልክ ላይ አይነበብም

ጥያቄው የመጣው ከሐይቅ ከተማ ነው። ጋቢና ነጠላ የምትሸጥ እህታችን ናት። "አምና ለአንድ ልጅ ከፍዬ ዌብሳይት አሠራሁ። ላፕቶፕ ላይ ያምራል። ስልክ ላይ ግን ፊደሉ ደቆ አይነበብም፣ ለመክፈትም ይንቀራፈፋል። ሰው ገብቶ ይወጣል፤ ወይ በቴሌግራም ዋጋ ስንት ነው ይለኛል" ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። ፊደሉ ደቀቀ ስትዪ ነው ነገሩ የገባኝ። በገጹ ኮድ ውስጥ ቪውፖርት የምትባለው መስመር የለችም፣ ላዩ ላይ ደግሞ ከባድ ስላይደር፣ ማለትም እየተፈራረቁ የሚያልፉ ፎቶዎች፣ አለ።

ምንም ሳትነኪ ባክአፕ፣ የገጹን ቅጂ፣ ያዢ። ፋይሉንም፣ መረጃው የተቀመጠበትን ዳታቤዙንም አውርጂ።

አይፎን እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ሲወጣ ዌብሳይት ሁሉ የተሠራው ለኮምፒውተር ነበር። ስለዚህ ብሮውዘሩ ገጹን 980 ፒክስል ስፋት እንዳለው ቆጥሮ ይስለውና አሳንሶ እዚያች እስክሪን ላይ ይጨምቀዋል። ካልነገርሽው ዛሬም እንደዚያው ነው። ቪውፖርት "ስፋትህ የስልኩ ስፋት ይሁን" ብላ የምትነግረው እሷ ናት። ፋሽን እንዳይመስልሽ፣ ዲዛይንን የሚጎትተው ገበያው ነው። ድሮ ገጽ ሲከፈት፣ ፍላሽ በሚባል የአዶቤ ኩባንያ ፕሮግራም የተሠራ የሚጨፍር መግቢያ ነበር፤ አይፎን ፍላሽ አልከፍትም አለ፣ ገዢው ወደ ስልክ ሄደ፣ ነጋዴውም ተከተለው፣ በ2020 መጨረሻ አዶቤ ራሱ ፍላሽን ተወው። ጉግልም ከ2015 ጀምሮ በስልክ ፍለጋ ለስልክ የሚመች ገጽን ማስቀደም ያዘ።

መስመሯን ጨምረሽ ገጹ ወደ ጎን ከተንሸራተተ፣ የቴምፕሌቱ፣ ማለትም ገጹ የተሠራበት ዝግጁ ንድፍ፣ ስፋት የተቸነከረ ነውና ቴምፕሌቱን ቀይሪው። ክራክ፣ ሳይከፈልበት የተሰረቀ ቅጂ፣ እንዳይሆን ብቻ! ደሴ ላይ የአንድ ሱቅ ገጽ ሳጸዳ ግርጌው ላይ ነጭ በነጭ የተጻፈ የቁማር ሊንክ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ጭራሽ አያውቅም። ቴምፕሌቱን ገጹን የሠራለት ልጅ ከቴሌግራም በነጻ አውርዶ፣ ሙሉ ሒሳብ ተቀብሎበታል።

ስላይደሩን አጥፊው። ከካሜራ እንደወጣ የተጫነ 4 ሜጋባይት ፎቶ አምስት ከሆነ፣ ደንበኛሽ ገና ጋቢ ሳታይ 20 ሜጋባይት ከፓኬጇ ተበላ። ገጹ እስኪከፈት አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይቀዳል። ፎቶውን ወደ 1200 ፒክስል ስፋት አሳንሺ፣ ዌብፒ ወደሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት ቀይሪው፣ ከ200 ኪሎባይት በታች ይግባልሽ።

በስላይደሩ ቦታ አንድ ጥርት ያለ ጋቢ፣ ሥሩ ዋጋው፣ ከዚያ ሲነኩት የሚደውል ቁልፍ። "ዋጋ በውስጥ መስመር" የሚሉትን ነገር ተይ። የጥለቱን ፎቶ በቅርብ አንሺው፣ ባቲ ገበያ ሴቶች ነጠላ ሲገዙ ጥለቱን ገልብጠው ነው የሚያዩት።

ስትጨርሺ በዋይፋይ ሳይሆን በዳታ፣ በርካሽ ስልክ ክፈቺው። ባክአፑን ይዘሻል አይደል? ሳትይዢ ሰርዘሽ ብትደውዪልኝ፣ ወላሂ የምመልስልሽ ነገር የለኝም።